ለሁለተኛ ደረጃ ተማሮች መንገድ የሚያሳይ መካሪ ይመደብላቸው



በዚህ የአንባቢያን ዓምድ ላይ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ብዙ ሰዎች ብዙ ነገር ሲጽፉ አንብቤአለሁ። አንዱ መምህራንን ይወቅሳል፤ ሌላው ወላጆችን ይከሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የዘመኑን ልጆችና ከእጃቸው የማይለየውን ስልክ ይረግማል። ሁሉም የየራሱ እውነት ስላለው ከማንም ጋር ለመከራከር አልተነሣሁም። ነገር ግን ሁሉም የሚነጋገረው ልጁ አለፈ ወይስ ወደቀ በሚለው ላይ ብቻ ሆኖ፣ ልጁ ወዴት ለመድረስ እንደሚማርና መንገዱን ማን እንዳሳየው የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ብዙ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ የቆምሁና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ያየሁትንና ይበጃል ያልሁትን እንድገልጥ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ቍጥሩን ልጥቀስ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርስቲዎች ግቢ ተወስደው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ናቸው። ቍጥሩ ወደ ላይ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶው ልጅ ከ91 የሚበልጠው ግማሹን ለማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ያለፉት ጥቂቶች በመሆናቸው፣ ከነሱ አንዱ እንኳ የማይሆነውን ትምህርት ይዞ ቢባክን ጉዳቱ ለአገር ይተርፋል። ያላለፉት ደግሞ ብዙዎች በመሆናቸው፣ «ወድቀሃል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ሌላ ቃል የሚነግራቸው ሰው ያሻቸዋል። እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለሁለቱም የሚናገር ሰው የለም፤ የምክር አገልግሎት መምህር የሚል ስም የተሰጠው ቢኖርም፣ አርፋጅ ሲቀጣና የተጣሉ ልጆች ሲያስታርቅ ይውላል።

ብዙ ወላጅ የሚመስለው ልጁ የወደፊት ትምህርቱን የሚመርጠው 12ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ነው። እንዲህ አይደለም። ትልቁ ምርጫ የሚደረገው ልጁ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ 11ኛ ሲያልፍ «የተፈጥሮ ሳይንስ» ወይም «የማኅበራዊ ሳይንስ» ብሎ የተመዘገበ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 16 ቢሆን ነው። ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ልጅ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም መሐንዲስ ለመሆን በዲግሪ የሚያስገባውን በር በዚያች ቀን ዘግቶአል። በርግጥ መዝጋቱ የተገባ ሊሆን ይችላል፤ ሕግ ወይም ታሪክ ወይም ጋዜጠኝነት የሚወድ ልጅ በፊዚክስ የሚሠቃይበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያሳዝነኝ የዘጋው በር መሆኑን ሳያውቅ መዝጋቱ ነው።

እስቲ ልጆቹ በምን ምክንያት እንደሚመርጡ በየሰፈራችሁ ጠይቁ። አንዱ ከጓደኛው ላለመለየት ነው ይላችኋል። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሙ ሒሳብ ስለ ጣለው እኔንም ይጥለኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ሦስተኛው አባቱ «የኔ ልጅ የሰነፍ ትምህርት አይማርም» ብሎ ስለ ፎከረ፣ ልቡ በሥነ ጽሑፍ ላይ ሆኖ ሳለ ኬሚስትሪ ውስጥ ይገባል። ይህ ማኅበራዊ ሳይንስን የሰነፍ አድርጎ የማየት ነገር ከቤት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ተማሮች ከመቶ 70ው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ትምህርት እንዲመደብ መመሪያ ወጥቶ ነበር። የመመሪያው አሳብ አገሪቱ የሚያስፈልጋትን ባለሙያ ለማፍራት እንደ ነበረ ይገባኛል፤ ነገር ግን በወላጅ ልብ ውስጥ ተርፎ የቀረው፣ ሰባው የጎበዝ፣ ሠላሳው የተራፊ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው።

በሰፈሬ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጠቅስም። እናትዋ ጕልት የምትሸጥ ብርቱ ሴት ናት። ልጅቱ ከሕፃንነትዋ ጀምራ የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ የምትገኝ፣ አያትዋ በስኳር በሽታ በተኛች ጊዜ መርፌውን ራሷ ትወጋት የነበረች ናት። ነርስ ለመሆን እንደምትፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በፈተናው ከግማሽ በላይ አምጥታ እልል ተባለላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፤ ነርስነት ከየትኛው ዩኒቨርስቲ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ውጤቷን ሳየው ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ነበረች። ለምን ይህን መረጥሽ ብላት፣ 10ኛ ክፍል እያለች አንድ መምህር «ከባዮሎጂ በቀር ሌላው ስለሚከብድሽ ማኅበራዊው ይሻልሻል፤ ዩኒቨርስቲ ከገባሽ በኋላ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ» ብሎ እንደ መከራት ነገረችኝ። መምህሩ ክፉ አስቦ አይደለም። የሚያስተምረው ሌላ ትምህርት ነው፤ ይህን እንዲያውቅም ማንም አላዘዘውም። ልጅቱ አሁን የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ደብዳቤ ስትጽፍ ስለ ትምህርቱ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም፤ የእናትዋን የደም ግፊት ግን ሳትጠይቅ አትቀርም።

በኔ ጊዜ ይህ ሁሉ የተሟላ ነበር ለማለት አይደለም፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ ራሱ ጥቂት ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1950ዎቹ የተጀመረ የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት የሚባል ሥራ ነበር፤ ይኸውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ብዙዎቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። እኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ወጣት ጂኦግራፊ ያስተምረን ነበር። ትምህርቱን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ግን ማታ ማታ በተከራየው ቤት ደጃፍ ተሰብስበን ስለ ዩኒቨርስቲው እንጠይቀው የነበረውን ነው፤ ምሕንድስና የሚገባ ምን ይማራል፣ በአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ያለው ኑሮ እንዴት ነው፣ በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የሚመረቀው ምን ይሠራል፣ መምህር ለመሆንስ ምን ያኽል ዘመን ይፈጃል እያልን እናደክመው ነበር። ዩኒቨርስቲን ሳናየው አየነው። ከኛ ክፍል መምህር የሆነው፣ የጤና መኰንን የሆነው ልጅ ሁሉ አሳቡን የጀመረው በዚያ ደጃፍ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኖአል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ በበዛ ቍጥር መንገድ ጠቋሚ ይበልጥ ያስፈልጋል። የቀድሞው ማትሪክ ተፈታኝ ነጥቡ ከደረሰለት የሚገባባቸው ዩኒቨርስቲዎችና ኮሌጆች ጥቂት ስለ ነበሩ ብዙ የሚያማርጠው አልነበረም። የዛሬው ልጅ ግን የሚመርጣቸውን ዩኒቨርስቲዎች በቅደም ተከተል መሙላት አለበት። ብዙው የሚሞላው በከተማው ውበት ወይም ከሰማው ወሬ ነው። ዩኒቨርስቲው ልጁ የሚፈልገውን ትምህርት ያስተምር አያስተምር እንደሆነ እንኳ ሳያጣራ አንደኛ ብሎ የሚሞላ አጋጥሞኛል። ደግሞም ሁሉም በአንድ ቅጽ የሚያልቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ራሱን ችሎ እንዲተዳደር ከተፈቀደለት ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲዎችም እንዲሁ በመግቢያ ፈተና ተማሮችን ሲቀበሉ ቆይተዋል። ለነዚህ የሚያስፈልገው ልዩ ምዝገባ፣ የራሱ ቀንም ያለው ነው። ቀኑን ያልሰማ ልጅ ውጤቱ ምንም ያኽል ያማረ ቢሆን ቀረ ማለት ነው።

ቀኑን የሚሰማበት መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ድሮ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በሬዲዮ ይነገር፣ በዚህ ጋዜጣም ይታተም ነበር። ዛሬ የዩኒቨርስቲ ጥሪ ቶሎ የሚወጣው በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጽ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ቀላል ነው። ኔትወርክ ለመያዝ ኮረብታ ለሚወጣ የገጠር ልጅ ግን የጥሪው ወሬ የሚደርሰው ከገበያ የተመለሰ ሰው ሲነግረው ነው። ለዚያውም በቴሌግራም ላይ ከእውነተኛው ማስታወቂያ ጎን፣ «ገንዘብ ላኩልኝ፣ ምደባችሁን አስለውጥላችኋለሁ» የሚል አታላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። የቱ እውነት የቱ ሐሰት እንደሆነ ለመለየት ልጁ የሚጠይቀው የታወቀ ሰው በትምህርት ቤቱ ሊኖር ይገባ ነበር።

ገብቶም ምርጫው አያልቅም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ሆኖ ስለ ተመለሰ፣ ልጁ የሚማረውን ሙያ የሚያገኘው በዚያ ዓመት ውጤት ተወዳድሮ ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይጠነክራል። ያልተነገረው ደግሞ «ዩኒቨርስቲ ገባሁ፣ አሁንማ አረፍሁ» ብሎ ስድስት ወር ከተዝናና በኋላ፣ ሕክምና ያለው ሰው ያላሰበው ክፍል ይደርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስላለ፣ ዲግሪውን ለመያዝ እሱንም ማለፍ ግዴታ ሆኖአል። እንግዲህ የማይወደውን ትምህርት አራት ዓመት በግድ የተማረ ልጅ ይህን ፈተና በምን ልብ ይጋፈጠዋል?

ስለ ወጪ መጋራትም አንድ ቃል ልጨምር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚማር ሰው ከወጪው የተወሰነውን ድርሻ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት እየከፈለ እንዲመልስ ውል ይፈርማል። አንድ የማውቀው ገበሬ ልጁ «ዕዳ ፈረምሁ» ቢለው፣ መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣ በማግሥቱ ልጁን ከዩኒቨርስቲ ለማስወጣት ተነሥቶ ነበር። ጎረቤት ይዞ አስረዳው እንጂ ያስወጣው ነበር። ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ በግማሽ ሰዓት ማስረዳት ይቻል ነበር።

የግል ኮሌጅ የሚመርጥም አለ። ለነዚህ ወላጆች የምመክረው፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንዲያጣሩ ነው። ኮሌጁ ፈቃድ አለኝ ቢል አይበቃም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለየትምህርቱ ዓይነትና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ ልጁ የሚገባበት ያው ትምህርት፣ በዚያው ካምፓስ የተፈቀደ መሆኑን በዓይናቸው ይዩ።

ይህን አሳቤን ለአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው ሳቀብኝ። «ከመቶው ልጅ ዘጠናው ለሚወድቅበት ፈተና ስለ ዩኒቨርስቲ ምርጫ ታወራለህን? መጀመሪያ ይለፉ!» አለኝ። ነገሩ ከባድ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። በመጽሐፍ፣ በመምህር፣ በቤተ ሙከራ ጕድለት የመጣውን ውድቀት ምክር ብቻውን አያድነውም፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ባልደረባዬ ሁለት ነገር ዘንግቶአል። አንደኛው፣ ሰው የሚሄድበትን ካላወቀ አይፈጥንም። የ9ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ቢነገረው ሒሳቡን የሚይዝበት እጅ ሌላ ይሆናል። በዚያው ላይ በፈተናው ውስጥ አፕቲትዩድ የሚባል ክፍል አለ፤ ይህ ራሱን የቻለ መጽሐፍና ክፍለ ጊዜ ኖሮት እንደ ባዮሎጂ የሚማሩት አይደለም። በከተማ ያለው ልጅ በገንዘቡ አስጠኚ ቀጥሮ ይለማመደዋል፤ የገጠሩ ልጅ ግን ዓይነቱን መጀመሪያ የሚያየው የፈተናው ዕለት ነው። አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢኖር ይህን ያኽል አይደነግጥም ነበር።

ሁለተኛው፣ ከግማሽ በታች ያመጣ ልጅ ሁሉ መንገዱ ተቈርጦበታል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ውጤታቸው ከግማሽ በታች ሆኖ ለዚያ የተቈረጠውን ነጥብ ላሟሉ ተማሮች ሬሜዲያል የተባለ የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቶ፣ ያንን ያለፉት ወደ መጀመሪያ ዓመት እንዲገቡ ተደርጎአል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። በግሌ እንደማስበው በነዚህ ኮሌጆች ላይ ያለን ንቀት ከባድ በደል ነው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ቧንቧ የሚገጥም፣ የመኪና ሞተር የሚፈታ ሰው ሲጠፋ ሁላችንም እናማርራለን፤ ልጃችን ያን ልማር ሲለን ግን እናለቅሳለን። ሁለት ዓመት በቤት ተቀምጦ ከተስፋ መቍረጥ ጋር የሚታገል ወጣት በየሰፈሩ ሞልቶአል። ከነዚህ መካከል ስንቱ ነው ውጤቱ በወጣ ሳምንት አንድ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ «ና ተቀመጥ፣ ያለህ መንገድ ይህና ይህ ነው» ቢለው ኖሮ ዛሬ የሥራ ሰው የሚሆነው?

እንግዲህ የምለምነው ትልቅ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። በያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለዚህ ሥራ ተለይቶ ይሰየም። ስም ብቻ እንዳይሆንም የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ በግማሽ ይቀነስለት፤ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሮ ከዚያ በኋላ ምከር ቢባል ማንም አይችለውም። አርፋጅ መቅጣቱንም ሌላ ሰው ይያዝለት። የዚህ ሰው ሥራ ከ9ኛ ክፍል ይጀምር፤ 10ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ ምዝገባው ከመድረሱ በፊት ልጁንና ወላጁን በአንድነት አስቀምጦ፣ የትኛው ዘርፍ የትኛውን ሙያ እንደሚያስገባ፣ የትኛውንም እንደሚዘጋ በግልጽ ያስረዳ። አደራዬ እንዲመርጥላቸው አይደለም። ባለፉት ዘመናት መምህርና አባት የመረጡለት ብዙ ልጅ አይተናል።

ትምህርት ሚኒስቴርም በየዓመቱ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ቢያሳትም መልካም ነው። የትኛው ዩኒቨርስቲ ምን ምን እንደሚያስተምር፣ ለየትኛው ዘርፍ እንደሆነ፣ ልዩ መግቢያ ፈተና የሚሰጡት እነማን እንደሆኑ፣ የወጪ መጋራት ምን እንደሆነ፣ የቴክኒክ ኮሌጆቹ የት የት እንዳሉ በአማርኛና ልጆቹ በሚማሩባቸው በሌሎቹም ቋንቋዎች ተጽፎ፣ ለያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ ለአንድ ክፍል አንድ ቅጂ ይላክ። በስልክ ብቻ አድርገነዋል እንዳይሉ አደራ፤ ከላይ ስለ ኮረብታው የተናገርሁትን ያስታውሱልኝ።

በክረምት ወደ ቤተ ሰባቸው የሚመለሱት የዩኒቨርስቲ ተማሮችም አሉ። ያን ጊዜ እንደ ነበረው ያለ የአንድ ዓመት ግዳጅ ይጫንባቸው አልልም። ነገር ግን በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ሄደው፣ የሰፈራቸውን የ10ኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ቢመልሱ የሚጐዱት ነገር የለም። በኛ ሰፈር ያሉትን አራት ልጆች ጠይቄ ሦስቱ እሺ ብለውኛል፤ አራተኛው የእርሻ ሥራ አለብኝ ቢለኝም በማታ እመጣለሁ ብሎአል። ሰፈሩ ወንበር ያውሳል፤ ቡናውን እኔ እችላለሁ።

ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ዘርፋቸውን የሚመርጡት ክረምቱ አልፎ ወደ 11ኛ ክፍል ሲመዘገቡ ስለሆነ፣ የሚመለከተው የትምህርት ክፍል ከዚያ አስቀድሞ በዚሁ ዓምድ ላይ መልስ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን